የስመኝ ድምፅ ቤት

ስመኝ ማረፏን የነገረኝ ከዳባት የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መናኸሪያው በር ላይ ሲያገኘኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ያች መጽሐፍ ታነብ የነበረችው ሴትዮ አረፈች አሉ። ቀብሯ ነገ ዳባት ነው። ሦስቱ መኪና ከአሁኑ ሞልቷል፤ የሚሄዱ ከሆነ አራተኛው ላይ ቦታ ልያዝልዎ» አለኝ።

እንደ ሰው ወግ ቢሆን «ነፍሷን ይማር» ብዬ ወዲያው ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩም፤ ግን ኀዘኑ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የመጣው። ቀድሞት የደረሰ ሌላ ነገር ነበር። ሦስት መኪና! እኔ የደባርቅን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያቋቋምኩት ሰው፣ መደርደሪያውን ሳይቀር በገዛ እጄ የመታሁት ሰው፣ ነገ ብሞት አንድ ጋሪ የሚሞላ ሸኚ ይወጣልኝ እንደሆነ እንጃ። እሷ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ስንት ዘመን ዳባት ተቀምጣ እንኳ ደባርቅን ከነመኪናው ታስነሳለች። ሞታም አልለቀቀችኝ አልኩ በልቤ። ሹፌሩን ግን «ያዝልኝ» አልኩት።

ሰው በጎረቤቱ ሀብት ይቀናል፣ በሚስቱ ይቀናል። እኔ በስመኝ የቀናሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴን ወሰደችብኝ። እንዴት እንደወሰደችብኝ ልንገራችሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ በደርግ ጊዜ የተከፈተው ከአንድ ባለርስት በተወረሰ ቤት ውስጥ ነው። የፊቱ ሰፊ ክፍል ሰውየው እንግዳ ይቀበልበት የነበረ ሲሆን፣ ከጀርባው ገብስና ባቄላ ያከማችበት የነበረ ጨለም ያለ ክፍል ነበረ። እኔ ጎንደር ጥቂት ወራት ሠልጥኜ ስመጣ መጻሕፍቱን በየዘርፋቸው ደረደርኩ፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ የአባልነት ካርድ አዘጋጀሁ፤ ከአዲስ አበባ ሳምንት ዘግይቶ የሚደርሰውን ጋዜጣ በዘንግ ላይ ሰቀልኩ። በመጨረሻም ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ጸጥታ ይከበር» ብዬ ለጠፍኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ተማሪዎች ለፈተና ያጠናሉ፤ መምህራን ልቦለድ ለሁለት ሳምንት ይዋሳሉ፤ የእርሻ ባለሙያው መዝገበ ቃላቱን ያገላብጣል። የሚሰማው የወረቀት ኮሽታና ብርድ የመታው ሰው ሳል ብቻ ነበር። እኔ ያንን ጸጥታ እወደው ነበር፤ የራሴ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ልማድም ነበረኝ። አንብቤ የወደድኩትን መጽሐፍ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ቤት ወስጄ አሮጌ ጋዜጣ አለብሰዋለሁ። ማጣበቂያውን እናቴ ከስንዴ ዱቄት ታበስልልኝ ነበር። ጋዜጣው ለሁሉም ስለማይበቃ ያልወደድኩት መጽሐፍ እርቃኑን ይቀመጣል። መደርደሪያውን ልብ ብሎ ያየ ሰው የእኔን ልብ ያገኘው ነበር፤ ግን ማን ልብ ይላል ብዬ ነው?

ስመኝ ረዳት ሆና ከዳባት ተዛውራ መጣች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬ ስታስተምር የቆየች፣ ጠይም፣ ቁመተ ረጅም፣ አንገቷን የተነቀሰች ሴት ነበረች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ነጠላዋ ግን ሳቋን ችሎት አያውቅም።

በመጣች በመጀመሪያው የገበያ ቀን በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። በዘመቻው ፊደል የቆጠሩ ነበሩ። ጋዜጣውን ከዘንጉ አወረዱና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ተማሪዎቹ ቀና ቀና አሉ። ተነሥቼ ሄድኩና ምንም ሳልናገር ማስታወቂያዬን በጣቴ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ ከፊተኛው በበለጠ ድምፅ፣ «ጸ... ጥ... ታ... ይ... ከ... በ... ር» ብለው አነበቡልኝ። ፊታቸው በርቶ፣ «አልተሳሳትሁም አይደል?» አሉኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ይልቅ የምትስቀው ስመኝ ነበረች። እኔ ግን አልሳቅኩም። በርግጥ የእሳቸው ጥፋት አልነበረም፤ በእኛ አገር ቄስ ትምህርት ቤት የተማረውም ሆነ በዘመቻ የተማረው ማንበብ የሚያውቀው በድምፅ ነው። ከንፈሩን ገጥሞ ወረቀት ላይ የሚያፈጥ ሰው ለእሳቸው እያነበበ አይደለም፤ ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ ሐሳብ ገብቶታል።

«አባባ፣ ይምጡ፣ እኛ ወደ ጓሮ እንሂድ» አለች ስመኝ እጃቸውን ይዛ። «እዚህ ያሉት ድምፃቸው ጠፍቶባቸው ነው።»

ወደዚያ የእህል ክፍል ወሰደቻቸው። በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌው ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ፤ በሚቀጥለው ጎረቤታቸው ሚስቱን። ብዙም ሳይቆይ ከአምባራስ በኩል እህል ጭኖ የመጣው ሁሉ ሽጦ ሲያበቃ አህያውን አጥራችን ላይ አስሮ ይገባ ጀመር። ተማሪዎቹ ያንን ክፍል «ድምፅ ቤት» አሉት። ፊደል የለየ አንድ አንድ መስመር ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ስመኝ ታነባለች።

አነባበቧን ልንገራችሁ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ጫማዋን ታወልቃለች። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ታደርግና ሳትከፍተው፣ «እስቲ፣ ሰውየውን የት ትተነው ነበር የሄድነው?» ትላለች። ሰዎቹ ይሻማሉ። «ወንዝ ሞልቶበት!» ይላል አንዱ። «ኧረ ተሻግሯል! በቅሎዋ ናት እንጅ የቀረች!» ትላለች ሌላዋ። ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ቀና ብላ ዝም ትላለች፤ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ያን ጊዜ ትንፋሽ አይሰማም። እኔ በማስታወቂያ ያላገኘሁትን ጸጥታ እሷ አፏን በመዝጋት ታገኘው ነበር። ማዳበሪያ እንዴት እንደሚበተን ጋዜጣው ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንኳ ስታነበው ሰው «ከዚያስ?» ይላት ነበር።

አንድ ገበያ ጉንፋን ይዟት ቀረችና እኔ ተካኋት። አንድ ገጽ እንኳ ሳልጨርስ አንዲት ሴት ጨው አለመግዛቷ ትዝ አላት። አንድ ሰውዬ አህያው የተፈታበት መሰለው። ቀስ በቀስ ለሁሉም አንዳንድ ነገር ትዝ አላቸውና በርኖስ ለባሹ ሽማግሌና እኔ ብቻችንን ቀረን። እሳቸውም የቀሩት እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።

የምታነበውን መጽሐፍ የምትመርጥበት ነገር ደግሞ ነበር። መደርደሪያው ሙሉ መጽሐፍ እያለ ሁልጊዜ የምታነሣው እኔ ያለበስኩትን ነው። ሌላ አትነካም። የወደድኩትን ሁሉ ከእጄ እየለቀመች የራሷ ልታደርገው ነው ብዬ አንድ ቀን፣ «ስመኝ፣ ሌላ መጽሐፍ ጠፋ?» አልኳት።

«የለበሱት ይሻሉኛል፤ አገሩ ብርድ ነው» ብላኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

እናቴ እናኑ ባሏ የሞተባት፣ ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር ሴት ነበረች። በየገበያው ቅቤና ባቄላ ይዛ ትመጣና እኔ ጋ አድራ ትመለሳለች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ያም ሆኖ የምሠራበትን ቤት ደጁን ረግጣው አታውቅም ነበር። ነይ ስላት «እኔ እዚያ ምን አለኝ?» ትለኛለች። እራት በልተን ሳነብላትም ጥቂት ታዳምጥና «ይብቃህ ልጀ፣ ዓይንህን ያምሃል» ትላለች። የሚያማት ጆሮዋ እንደነበር ይገባኝ ነበር።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ወንበር ላመጣ ድምፅ ቤቱን ከፈትኩ። እናቴ ከፊት ለፊት፣ ስመኝ እግር ሥር ተቀምጣለች። ባዶው የቅቤ ቅል አጠገቧ ተጋድሟል። እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። እኔን ስታይ እንደ በር ጠባቂ ቆጥራኝ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ብርድ አታስገባ፣ በሩን ዝጋው ማለቷ ነው። ዘጋሁት። ወንበሩንም ሳልወስድ፣ እጄ በሩ ላይ እንዳለ ከውጭ ቆምኩ። ስንት ዓመት የለመንኩት እግር ለስመኝ ሳይለመን መጣ!

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ የስመኝ ስም ብቻ ሆነ። የተለቀመው የባቄላ ቆሎ ለስመኝ ነው። ከቅቤው የተሻለው ለስመኝ ተለይቶ ይቀመጣል። ቅቤዋን ይዛ ስትመጣ እንደምን ሰነበትህ ከመባሌ በፊት «ስመኝ ደኅና ሰነበተች?» እባላለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እኔም እኮ ላነብልሽ እችላለሁ፣ እምዬ» አልኳት።

«አንተማ ታነባለህ» አለችኝ ባቄላዋን እየለቀመች። «የምታነበው ግን ለራስህ ነው።»

የዚያ የነጋዴ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ስመኝ ለወራት ስታነብላቸው የቆየችው በቅሎ እየነዳ በረሃ ወርዶ ጨው ስለሚያመጣ ወርቁ ስለሚባል ሰው የተጻፈ ልቦለድ ነበር። የሰው በቅሎ ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን አንዲት በቅሎ ይገዛል። አገራችን ገደል ነውና መንገዱን ሁሉ ያወቁት ያህል ነበር። ጃናሞራ ዘመድ ያለው «በዚህ በኩል ቢሄድ ይሻለው ነበር» ብሎ ይቆጫል። አንድ የገበያ ቀን ወርቁ ገደል ገብቶ ሞተ። ስመኝ አነበበችውና መጽሐፉን ዘጋች።

የፊቱ ክፍል ሆኜ «ወይኔ ወርቁ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነበር። ሮጬ ስገባ ነጠላዋን አሸርጣ ደረቷን ትመታለች፤ ሌሎቹም ተቀብለዋታል። ተማሪዎቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ደብተራቸውን ጥለው ወጡ። «ኧረ መጽሐፍ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። በርኖስ ለባሹ ሽማግሌ ብቻ ወደ እኔ ዞረው፣ «መጽሐፍ መሆኑንማ እናውቃለን። ታዲያ ሳይለቀስለት ሊቀበር ነው?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው መጡ። ገና ወጉ ሳይደርስ የሚቀጥለው ገጽ አይገለጥም ተባለ። ይህን ያህል ሰው ለቅሶ ለብሶ ሲገባ ያየ ሰው ተናግሮ ኖሮ፣ ካኪ የለበሰ አንድ ካድሬ መጣብን። በዚያ ጊዜ ካድሬ ደጃፍ ላይ ሲቆም የማይፈራ ሰው አልነበረም። እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ።

«ይህ ስብሰባ ማን የፈቀደው ነው?» አለ።

«ስብሰባ አይደለም ጓድ፣ ለቅሶ ነው» አለች ስመኝ።

«ሟቹ ማነው? የዚህ ቀበሌ ነው?»

«የመጽሐፍ ሰው ነው።»

ካድሬው እያሾፈች መሆኗን ሊያረጋግጥ አያት። ሰዎቹን አየ፤ እውነተኛ እንባ ነው። ጥቂት አሰበና፣ «መደቡስ?» አለ።

ስመኝ ዓይኗን ሳታሽ፣ «ጭቁን» አለችው። «የሰው በቅሎ ሲነዳ የኖረ።»

ይህ ነገሩን አቀለለለት። ባርኔጣውን አወለቀና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እናቴ ንፍሮ ዘገነችለት። ከእጁ ላይ አንድ ሁለት ቃመና ቀስ ብሎ፣ «በቅሎዋስ?» ሲል ጠየቀ።

«በቅሎዋማ ተረፈች የኔ ልጅ» አለችው እናቴ ዓይኗን እየጠረገች።

«ደግ» አለና ተነሥቶ ሄደ። ሌላ ቀን ስለዚያ ክፍል ጠይቆን አያውቅም። ከተማው በሙሉ «ስመኝ ካድሬ አስለቀሰች» እያለ አወራላት። አላለቀሰም፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ግን ማን ይጠይቀኛል?

የዚያን ዕለት እራት ላይ እናቴ፣ «አንተስ ወርቁ ሲሞት ምን ሁነህ ነበር?» አለችኝ።

መጽሐፉን ካነበብኩት ቆይቶ ነበር። ብቻዬን ሆኜ ሳነበው፣ እዚያ ቦታ ስደርስ አስቀምጬው ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ከዚያ ተመልሼ ጋዜጣ አልብሼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ማንበቤን በምን እንዳወቀች እንኳ ለመጠየቅ አላሰብኩም፤ ንዴቴ ለማሰብ ፋታ አልሰጠኝም።

«ምን እሆናለሁ? መጽሐፍ እኮ ነው» አልኳት።

 ከዚያ የበላንበትን ሣህን ማንሣት ጀመረች።

እናቴ ብዙም አልቆየችም። በጠና ታማ ደባርቅ እኔ ጋ ስትተኛ ስመኝ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አነበበችላት። እኔ በዚያ ሰዓት ውኃ አፈላለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። እናቴ ፊቷን የምታዞረው ግን ወደ ንባቡ ነው። አንድ ቀን ስመኝን ውጭ አስቁሜ እረፊ፣ ዛሬ እኔ ላንብብላት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እምቢ የምትለኝ እናቴ ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች።

ለቅሶው ላይ ሰው ቀለል ሲል ስመኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ከእኔ ይልቅ ያበጠው የእሷ ነው ብዬ በዚያ ሰዓት እንኳ ቀናሁ።

«እማማ እኮ ካልለበሰ አይሰሙም ነበር» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መጽሐፉ ነዋ። አንተ ከማየትህ ብዙ በፊት፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ ወጣ ስትል ጠብቀው ራሳቸው ናቸው መደርደሪያው ጋ ሄደው የጠቆሙኝ። ‹ያን ልጀ ያለበሰውን አንብቢልኝ› አሉኝ። ማጣበቂያውን እሳቸው ያበስሉት አልነበረም? የትኛውን እንደምትወድ ያውቁታል። እርቃኑን ያለ ካነሣሁ ‹እሱን ተይው፣ እዚያ ውስጥ እሱ አልገባም› ይሉኛል።»

ነጠላዋን ሰብስባ ቀጠለች።

«ሕፃን እያለህ መጽሐፍ ይዘህ ከተቀመጥህ ሲጠሩህ አትሰማቸውም ነበር አሉ። ‹እዚያ ውስጥ ምን አግኝቶ ነው እኔን የረሳኝ? ገብቼ ልየው› ይሉኝ ነበር። ቀንተው ነበር፤ በመጽሐፍ።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ያርፍ ይሆናል። የእኔ ባሰበት። ስንት ዓመት እኔን ስትፈልግ የኖረችው እናቴ ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ የሰጠችው ለእሷ ነው፤ ለእኔ አይደለም። «ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ለቅሶ ደራሹ ዞረ።

«እንዴት ብለው ይንገሩህ?» አለችኝ ስመኝ። «ጸጥታ ይከበር ብለህ ለጥፈህ!»

በማግስቱ ማስታወቂያውን አነሣሁት። ለውጥ አላመጣም፤ ያነሣሁት ዘግይቼ ነው።

እንግዲህ ይችን ሴት ልቀብር ነው በአራተኛው መኪና ዳባት የሄድኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል። የደባርቅ ሰው፣ የዳባት ሰው፣ ከገጠር በእግሩ የመጣው ሁሉ አለ። ገና ከመግባቴ የእህቷ ልጅ እየተጣደፈች መጣችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

«የሕይወት ታሪኳ ነው፤ እርስዎ እንዲያነቡላት ብላ ነበር።»

«እኔ? ሌላ ሰው የለም?»

«‹እሱ ካልሆነ አይነበብ› ነው ያለች።»

እስከ መጨረሻው ልታዋርደኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዴት እንደማነብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አስከሬኑ ተቀምጧል፤ ካህናቱ ቆመዋል። ወረቀቱን ዘርግቼ እንደ ልማዴ፣ የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለች፣ ሁሉንም አንድ ትንፋሽ አደረግኩት። ስጨርስ አንዳንዱ ከኋላ ስለ መኪና መመለሻ ማውራት ጀምሯል።

በምርኩዝ የቆመች አንዲት አሮጊት ከፊት፣ «ምነው ልጀ፣ ምን ያጣድፍሃል?» አለችኝ። በደባርቁ ድምፅ ቤት እናቴ አጠገብ ትቀመጥ የነበረች ናት። «እሷ እንዲህ ነበር ያነበበችልን?»

 ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። «እስቲ፣» አልኩ፣ «ስመኝን የት ትተናት ነበር የሄድነው?»

ከኋላ ስለ መኪና ያወሩ የነበሩት ቀና አሉ። ከዚያ ከወንዶቹ መካከል አንዱ፣ «ወርቁን ገደል ሰዳብን!» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። «ካድሬውን ንፍሮ አስቅማ!» አለች አንዷ። ጫማዬን አወለቅኩ። እንደገና ከመወለዷ ጀመርኩ፤ ቀስ ብዬ። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ጨመርኩ፤ ሽማግሌውን፣ የእህሉን ክፍል፣ የለበሱትን መጻሕፍት። መሞቷ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ዝም አልኩና አንድ በአንድ አየኋቸው። ማንም አልተነቃነቀም፤ ጨው የረሳ፣ አህያ የተፈታበት አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ አነበብኩላቸው፣ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ።

በድምፄ ሰው ይዤ የማውቀው በዕድሜዬ ያን አንድ ቀን ነው። ያ ንባብ ለእናቴ ነበር የሚገባው፤ እሷ እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ልትሰማው ይገባ ነበር። ወደ ታች ባይ ግን እግሬ ሥር፣ ከሁሉ ፊት፣ የተጋደመችው ስመኝ ናት። ያንንም ቦታ ያዘችብኝ።